መጀመሪያ መውጫውን
ሶሌታ አስቆርጣለሁ ብሎ የሚደውልልኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረኝ የቀዳዳውን ስፋት ነው። እኔ ደግሞ አስቀድሜ የምጠይቀው ቁራጩ በየት እንደሚወጣ ነው።

መርካቶ ውስጥ ላይና ታች ያሉ ሁለት ሱቆችን በውስጥ ደረጃ ለማገናኘት 1.2 በ3 ሜትር ይከፈት እንበል፤ የሶሌታው ውፍረት 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ዙሪያው 8.4 ሜትር ብቻ ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፌሮ ያለበት ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,500 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የሚወጣው ኮንክሪት 1,350 ኪሎ ነው። ማንሻ በማይገባበት ጠባብ ኮሪደር ይህን የሚያወጣው የሰው ጉልበት ነው። ስለዚህ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር እየተደረገ 18 ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ቁራጭ 75 ኪሎ ይመጣል፤ እሱም ለሁለት ሰው ከባድ ነው። ለዚህ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ተጨማሪ 12 ሜትር መቁረጥ ግድ ይላል። በ8.4 ሜትር የተዋዋለ ሰው 20.4 ሜትር ሊቆርጥ ነው። የዲስኩ ወጪ፣ የውሃው ብዛት፣ የሠራተኛው ቀን ሁሉ የሚሰላው በዚህኛው ቁጥር ነው።

ማዕዘኑ የራሱ ጣጣ አለው። ዲስክ ክብ ስለሆነ የሶሌታው ሆድ ላይ ማዕዘኑን እስኪያገኝ ድረስ ከላይ በኩል መስመሩን አልፎ ይሄዳል። ዲያሜትሩ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የሚያልፈው 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መሀል መነካት የሌለበት ሶሌታ ይቆረጣል፤ የላይኛው ፌሮም አብሮ ይበጠሳል። በሲሚንቶ ሲደፈን ለዓይን አይታይም፤ የተበጠሰው ፌሮ ግን አይመለስም። ማዕዘኖቹን በኮር ድሪል በስቶ፣ ዲስኩን ከመስመሩ መጨረሻ በፊት አቁሞ፣ የቀረውን በእጅ መጨረስ ይሻላል። ጊዜ ይወስዳልና በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ራሱን ችሎ ይጻፍ።

ፌሮው ሲቆረጥ ጭነቱ የሚሄድበት መንገድ ይለወጣል። ፑንቴሎ የት የት እንደሚቆም፣ ቢም ይጨመር አይጨመር ስትራክቸራል ኢንጂነር አይቶ ሳይፈርም ማሽን አላስነሳም። በዚህ ከማንም ጋር አልደራደርም።

አቧራው ሲሊካ ስላለበት ሳንባ ይጎዳል፤ በውሃ ነው የምንቆርጠው። ያው ውሃ ጭቃ ሆኖ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የታችኛው ሱቅ ስንት ቀን እንደሚዘጋ፣ ዕቃውን ማን እንደሚያነሣ፣ የተዘጋበትን ማን እንደሚከፍል ከባለሱቁ ጋር ተነጋግረን እስክንጽፍ ድረስ ዋጋ አልሰጥም።