የቦርዶ ካርድ ላይ የሌለው ነገር

የምገመግመው አንድ ዝርዝር ነው። አጭር ነው፤ ስልክ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ገፋ ገፋ አድርጎ መጨረስ ይቻላል። አምስት ደረጃ አለው፣ በየደረጃው ሥር ደግሞ የወይን እርሻ ያላቸው ቤቶች ስም ተደርድሯል። ሦስተኛው ናፖሊዮን በ1855 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፓሪስ ላይ ላዘጋጀው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የቦርዶ ንግድ ምክር ቤት ያሠራው ነው። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ቦርዶን በዓይኔ አላየሁም፣ የወይን ቀማሽም አይደለሁም። ዝርዝር መደርደር ግን እንጀራዬ ነው። ይሄኛው ከ170 ዓመት በኋላም ዋጋ እየወሰነ ስለሆነ፣ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሊተች ይገባል ባይ ነኝ።

ምክር ቤቱ ሥራውን የሰጠው ለደላሎች ነው። አዎ፣ ለደላሎች። እነሱም ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ጨርሰው አስረከቡ። ለዚህ ብለው ቅምሻ አላዘጋጁም፤ የእያንዳንዱ ቤት ወይን ለዓመታት ስንት ሲሸጥ እንደኖረ ያውቁ ስለነበር ውዱን ላይ፣ ርካሹን ታች አደረጉት። ላፊት፣ ማርጎ፣ ላቱርና ኦ-ብሪዮን አንደኛ ወጡ። ለደላላ ሥራ ይህ ነውር የለውም። ነውሩ የመጣው የዋጋ ሠንጠረዡ እንደ ጣዕም ሠንጠረዥ መነበብ ሲጀምር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የወይን ዘር ስም አንድም ቦታ አይገኝም። አፈርም የለም። ልክ አስተማሪው ስለ ልጁ ምንም ሳይጽፍ ደረጃውን ብቻ ሞልቶ የላከው ካርድ ነው። የቦርዶ ታሪክ ግን ከውሃና ከአፈር ይጀምራል። ጋሮንና ዶርዶኝ የሚባሉት ወንዞች ተገናኝተው ዢሮንድ የሚባለውን ሰፊ የወንዝ አፍ ይሠራሉ። ከዚህ በስተግራ ያለው ሜዶክ ወንዝ ያመጣው ጠጠር የተከመረበት ነው። የአትላንቲክ ዝናብ አገሩን ሲያጠጣው ጠጠሩ ውሃውን ወደ ታች ያሳልፋል፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ደግሞ ማታ ይመልሳል። ካቤርኔ ሶቪኞን የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ቆዳው ወፍራም፣ ፍሬው ዘግይቶ የሚበስል ዘር ነው፣ እግሩ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ከሆነ ሳይበስል ክረምት ይመጣበታል። መሬቱም ቢሆን እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ መሐንዲሶች ቦይ ቆፍረው ረግረጉን ባያንጣፍፉት ኖሮ ከሜዶክ ብዙው ዛሬም ጭቃ ነበር። (የምህንድስና ተማሪዎች፣ ደስ ይበላችሁ።)

በቀኝ በኩል፣ በሴንት ኤሚልዮንና በፖምሮል፣ ሸክላና የኖራ ድንጋይ ይበዛል። እዚያ ንጉሡ መርሎ ነው፤ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ቀድሞ ይበስላል፣ ቀዝቃዛ ሸክላ አያስፈራውም። ቀድሞ በማቆጥቆጡ ግን የሚያዝያ ውርጭ ይመታዋል። በቦርዶ ከሚተከለው ቀይ ወይን ከግማሽ በላይ መርሎ ነው። ዛሬ ከዓለም ውድ ወይኖች አንዱ የሆነው ፔትሩስ የሚበቅለው ፖምሮል ሸክላ ላይ ነው። በ1855ቱ ዝርዝር ውስጥ ይህ የቀኝ ዳርቻ በሙሉ የለም። ጠፍቷል። የቦርዶ ደላሎች በዋናነት የሚነግዱት የግራውን ዳርቻ ነበርና።

ከዚያስ? ዝርዝሩ በወጣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ፊሎክሴራ የሚባል ሥር በል ነፍሳት ከአሜሪካ ገብቶ ወይኑን ፈጀው፤ እርሻው በአሜሪካ ግንድ ላይ እየተዳቀለ እንደገና ተተከለ። ባለቤቶች ተቀያየሩ። ማሳ ተሸጠ፣ ተለወጠ። ደረጃው የተሰጠው ለመሬቱ ሳይሆን ለቤቱ ስም ስለሆነ፣ አንድ ሻቶ በዚያው ክልል ያለውን የጎረቤቱን ማሳ ቢገዛ አዲሱ ማሳ በአንድ ሌሊት ደረጃውን ይወርሳል። በእኛ ሙያ ቋንቋ ስሙ ያው ሆኖ ውስጡ ያለው ዋጋ ሲለወጥ የኖረ ተለዋዋጭ ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ያደገው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ሲወጣ ወረቀቱን የፈረመው የያኔው የግብርና ሚኒስትር ዣክ ሺራክ ነበር። የወረደ የለም።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ከዓመታት በፊት ለአንድ የኦንላይን ገበያ «ምርጥ ዕቃዎች» የሚል ገጽ ሠርቼ ነበር። ደርዳሪው ኮድ የሚያየው ያለፈውን ሽያጭ ብቻ ነው። በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ደውለው «የኔ ለምን አይታይም?» አሉኝ። «ገና ብዙ ስላልሸጡ ነው» አልኳቸው። «ካልታየሁ በምን ልሽጥ ልጄ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ኮዱንም አልቀየርኩትም፣ ገጹ «ጥሩ እየሠራ ነው» ተብሎ ነበርና። የ1855ቱን ዝርዝር ሳነብ የሚሰማኝ የሳቸው ድምፅ ነው። አንደኛ የተባለው ውድ ይሸጣል፣ ውድ የሸጠው ለእርሻው ያወጣል፣ ደካማውን በርሜል ከዋናው ጠርሙስ ያስወጣል፣ ወይኑም እውነት ይሻሻላል። ከ170 ዓመት በኋላ «ደላሎቹ ልክ ነበሩ» ማለት ቀላል ነው።

ማደስስ አይቻልም? ሴንት ኤሚልዮን ሞክሯል፤ በ1955 የጀመረውን ደረጃ በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይከልሳል። ውጤቱ ክስ በክስ ሆነ፣ በ2021 ደግሞ ኦዞንና ሽቫል ብላን የሚባሉት አንጋፋዎች ራሳቸውን አገለሉ። ቢሆንም የሚያጣላው ዝርዝር ይሻለኛል። ቢያንስ ሰው ያነበዋል።

የሚያሳዝነኝ ዋናው ነገር ከዝርዝሩ ውጭ እየሆነ ያለው ነው። ሙቀቱ ጨምሮ መርሎ ቀድሞ እየበሰለ፣ ስኳሩና አልኮሉ እየከበደ መጣ። በ2021 ስድስት አዳዲስ ዘሮች ለሙከራ ተፈቀዱ፤ ከነዚህ አንዱ የፖርቱጋሉ ቱሪጋ ናሲዮናል ነው። ከእርሻው 5 በመቶ፣ ከቅይጡ 10 በመቶ እንዳያልፉ ገደብ አላቸው። የተፈቀዱት ግን ተራ «ቦርዶ» ለሚባለው ወይን እንጂ ለባለ ስሞቹ ክልሎች አይደለም። በ2023 ደግሞ ገዢ ያጣ እርሻ እስከ 9,500 ሄክታር ለመንቀል የድጋፍ ዕቅድ ወጣ። የሚነቅሉት በአብዛኛው ካርዱ ላይ ስማቸው የሌለ ገበሬዎች ናቸው።

ከቦርዶ የተነሣው ካስቴል ዝዋይ ላይ መርሎና ካቤርኔ ተክሎ ከ2014 ጀምሮ ለገበያ ሲያቀርብ፣ የጠርሙሱ ፊት ላይ የዘሩን ስም ጻፈ። ቅዳሜ ማታ አንዱን መርሎ ከጓደኛዬ ጋር ከፈትን። ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ሸክላው፣ ስለ ውርጩ ሁሉ አወራሁለት። ጠርሙሱን አገላብጦ አየና መጀመሪያ የጠየቀኝ ዋጋውን ነው።