በኅዳግ ላይ የተጻፈ ምስክርነት

ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ወታደር የጻፈው የጦር ሜዳ ትዝታ በአምስት ወዳጆች መካከል ሲዘዋወር ሰነበተ። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢዎቹ አምስት ነበርን። ወረፋ ይዘን፣ «ገጹን እንዳታጥፈው» እየተባባልን ስንቀባበለው ቆይተን በመጨረሻ ወደ ባለቤቱ፣ ማለትም ወደ እኔ፣ ሲመለስ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ ኅዳጉ በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቶ አገኘሁት። ከአምስታችን አንዱ በዚያው ግንባር የዘመተ ሰው ነው። ደራሲው የሞላ ወንዝ በተኩስ መካከል ስለ መሻገሩ በሚተርክበት ገጽ አጠገብ «በዚያ ወር ወንዙ ደረቅ ነበር» ሲል ጽፏል። ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ ደግሞ የአንድ ሟች ወታደር አሟሟት በተተረከበት ስፍራ ምንም ቃል ሳይጨምር ከስሙ ሥር አስምሯል። መጽሐፉን በመጀመሪያ ሳነበው ወድጄው ነበር፤ ሁለተኛ ሳነበው ግን ዐይኔ ከመሐሉ ይልቅ ወደ ዳር ዳሩ እያደላ አስቸገረኝ።

ነገሩ ለሥነ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሮበርት ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1929 ያሳተመውና በአማርኛ «ለዚያ ሁሉ ደኅና ሰንብት» ልንለው የምንችለው መጽሐፍ ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። ግሬቭስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በሮያል ዌልሽ ፊውዚሊየርስ ውስጥ የተዋጋ መኮንን ነው። በ1916 በሶም ውጊያ ክፉኛ ቆስሎ ስለ ነበር አዛዡ ለእናቱ የሐዘን ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሷል፤ ስሙም በጋዜጣ ከሙታን ተራ ገብቷል። እንዲህ ያለ ሰው ከሞት ተመልሶ ቢጽፍ ሕዝብ እንደሚሻማበት የታወቀ ነው፤ ደራሲውም ለገንዘብ ሲል መጻፉን አልደበቀም። መጽሐፉ ፈጣን፣ ቀልደኛና ጨካኝ ነው።

ከዚያ ሁሉ ቅጂ መካከል እኔን የሚስበኝ አንዱ፣ የኤድመንድ ብላንደን ቅጂ ነው። ብላንደንም ባለቅኔ፣ በምሽግ ውስጥ የኖረ፣ የራሱን የጦርነት ትዝታ በ1928 ያሳተመ ደራሲ ነው። መጽሐፉን ከሲግፍሪድ ሳሱን ጋር ሆኖ አነበበው። ሳሱን ደግሞ የግሬቭስ የክፍለ ጦር ባልደረባና የቅርብ ወዳጅ ሲሆን፣ በ1917 ጦርነቱን በይፋ ሲቃወም ከወታደራዊ ፍርድ ቤት ተርፎ ወደ ሆስፒታል እንዲላክ የጣረለት ይኸው ግሬቭስ ነበር። ሁለቱ አንባቢዎች ያንን ቅጂ ኅዳጉን በተቃውሞ ሞሉት። ቅጂው ዛሬ በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

የሁለቱ ቁጣ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ብላንደን በሌላ ክፍለ ጦር ያገለገለ በመሆኑ ግሬቭስን የሚያርመው ባብዛኛው የሻለቃው ሐኪም የነበረው ዶክተር ደን በጻፈው ላይ ተመርኩዞ ነው። ባልነበሩበት ስፍራ ምስክር መሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሐያሲ ሁሉ አመል ነው! የሳሱን ቁስል ግን ከቤቱ የመጣ ነው። ግሬቭስ ስም ሳይጠራ፣ ልጇ በጦርነት የሞተባት አንዲት እናት ሌሊት ሌሊት ከሟቹ መንፈስ ጋር ለመነጋገር ስትጥር መስማቱን ተርኮ ነበር። እናቲቱ የሳሱን እናት፣ ሟቹም በ1915 የሞተው ወንድሙ ነበሩ። ሳሱን በሆስፒታል ሳለ የጻፈው የግጥም ደብዳቤም ያለ ፈቃዱ ታትሞ ነበር። አሳታሚው ጆናታን ኬፕ ሁለቱንም እንዲያወጣ ተገዶ፣ ጥቂት ቅጂዎች ግን አስቀድመው አምልጠዋል።

ግሬቭስ በ1930 የሰጠው መልስ ብልህነት የሞላበት ነው። በከባድ የመድፍ ድብደባ ውስጥ ያለፈ ሰው ትዝታ ብዙ ስሕተት ከሌለበት እውነተኛ ሊሆን አይችልም ይላል። ይህን መልስ እኔ በከፊል እቀበላለሁ። ቀኑን ቢያዛባ፣ የምሽጉን አቅጣጫ ቢስት፣ የፈነዳውን ጥይት ብዛት ቢያጋንን፣ ፍርሃቱ የራሱ ነውና የተናወጠ አእምሮ ያየውን እንዳየው መጻፉ ያስመሰግነዋል። በዚህ ረገድ የብላንደን እርማት ብዙው ከንቱ ድካም ነው። ዳሩ ግን መልሱ ከምሽጉ አልፎ ወደ ሳሱን ቤት ሊገባ አይችልም። የእናቲቱ ልቅሶ የግሬቭስ ትዝታ ሳይሆን በእንግድነት ያገኘው የሰው ገመና ነው፤ ያንን የጻፈው እጅ በመድፍ የተናወጠ ሳይሆን የገበያን ጣዕም የሚያውቅ እጅ ነው።

ዶክተር ደን የባልደረቦቹን ማስታወሻና ምስክርነት አሰባስቦ በ1938 ስሙን ሳይገልጽ አሳተመ፤ ሳሱንም ድርሻውን አዋጣ። ግሬቭስ በበኩሉ መጽሐፉን በ1957 እንደገና አረመው።

እኛም ስለ ራሳችን ቅጂ ሳንነጋገር አልቀረንም። ያ ዘማች ወዳጄን ስለ ወንዙ ስጠይቀው ሳቀ፤ «ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ እሆናለሁ» አለኝ። ስላሰመረበት ስም ስጠይቀው ግን ፊቱን አዞረ። «እናቱ አሉ፤ እኛ ወዲያው ነው ያረፈው ብለን ነበር የነገርናቸው» አለኝ።

መጽሐፉን ለመዋስ የሚጠብቅ ስድስተኛ አንባቢ አለ። ላጲስ አንሥቼ የወንዙን አረፍተ ነገር ላጠፋው አልኩና ተውኩት፤ እንዳለ ሰጠሁት።