የሞተ ሰው ስምና የሕያው ሰው ድካም

የሆንግ ኮንግን ፊልም በዓለም ያስታወቀው ብሩስ ሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጁላይ 20 ቀን 1973 ዓ.ም. በ32 ዓመት ዕድሜው በድንገት ሞተ። ወዲያውም የሆንግ ኮንግና የታይዋን ፊልም ነጋዴዎች ስሙን እንደ ሙት ቅርስ ተካፈሉት። ሆ ቹንግ ታዎ የተባለው የታይዋን ሰው ብሩስ ሊ ተብሎ ተሰየመ፤ ስሙም በላቲን ፊደል አጻጻፍ ካልኾነ በቀር በጆሮ ሲሰማ ከሟቹ ስም አይለይም። ብሩስ ሌ የሚባልም ተነሣ፤ ከኮሪያም ድራገን ሊ ተከተለ።

እነዚህ ፊልሞች በጥቂት ገንዘብና በችኮላ የተሠሩ ናቸውና ነውራቸው ከሩቅ ይታያል። ንግግሩ በኋላ የሚጨመር ስለ ኾነ ከንፈርና ቃል አይስማሙም፤ ዜማውንም ከሌላ ሰው ፊልም ወስዶ ማስገባት የተለመደ ነበረ። ታሪኩ አንድ ነው፤ መምህሩ ይገደላል፤ ደቀ መዝሙሩ ይሰደዳል፤ ተምሮ ይመለስና ደሙን ይመልሳል።

ታዲያ ሰው ስለ ምን ወደዳቸው? ተመልካቹ አላዋቂ ስለ ኾነ ነው የሚሉ አሉ፤ በጕድለታቸው ለመሣቅ ነው የሚሉም አሉ። ኹለቱም ተመልካቹን መናቅ ነው። ስሙ ሐሰት፣ ጢሙም የተለጠፈ ሊኾን ይችላል፤ ሰውየው ሲዘል ግን በእውነት ይዘላል። የስውር ሽቦና የመንጠሪያ እርዳታ አልፎ አልፎ ቢኖርም፣ ካሜራው ራቅ ብሎ ከራስ ጠጕሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያሳየዋል፤ ምቱና መከላከሉም ሳይቈራረጥ ይታያል። ብዙ ዓመት የተማረ ገላ በተዋሰው ስም ሥር የራሱን ድካም ያስመሰክራል። በቅኔ ቤትም ሰሙ ተርታ ኾኖ ወርቁ የሚያበራ ቅኔ ሲገኝ፣ መምህሩ ስለ ወርቁ ሲል ሰሙን ይታገሣል።

«የብሩስ ሊ አምሳያዎች» የተባለው የ1980 ፊልም ንግዱን ሳያፍር ገልጦታል፤ በታሪኩ አንድ ሊቅ ከሟቹ ገላ ጥቂት ወስዶ ሦስት ብሩስ ሊዎችን ይፈጥራል። ነጋዴዎቹ ሳያስቡት በራሳቸው ላይ ተቀኙ።

ይልቅስ የሚያሳፍረው ከእነዚህ የተሻለ ገንዘብ የወጣበት «የሞት ጨዋታ» ነው። ብሩስ ሊ ይህን ሥራ በ1972 ጀምሮ ተወው፤ አሳቡም ፓጎዳ በሚባል ባለ ብዙ ደርብ ግንብ ውስጥ በየደርቡ አንድ ጠባቂ እያሸነፈ የሚወጣን ሰው ለማሳየት ነበረ። በ1978 ሮበርት ክላውስ የሚባለው አሜሪካዊ ሌላ ታሪክ አበጅቶ ጨረሰው። ከ100 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ብሩስ ሊ ለዚህ ሥራ የተዋጋው 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያም ቢጫ ልብስ ለብሶ ረጅሙን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ከሪም አብዱል ጀባርን ሲገጥም፣ የቀረው ኹሉ ትቢያ ይመስላል። በአንድ ስፍራ የሟቹን ፊት ከወረቀት ቈርጠው በመስተዋት ላይ ለጥፈዋል። ከዚህም የከፋው፣ ሬሳው በተከፈተ ሣጥን የሚታይበትን የእውነተኛ ቀብሩን ሥዕል በልብ ወለዱ ውስጥ አግብተዋል።

በድኾቹ ፊልሞች ሆ ቹንግ ታዎ በሰው ስም ቢጠራም በገዛ ፊቱ ይታያል፤ ሲደክመው ላቡን፣ ሲመታ ሕመሙን ተመልካች ያያል። በ«የሞት ጨዋታ» ግን የሟቹ ምትክ የኾነው ኮሪያዊ ኪም ታይ ቹንግ ይዋጋል፤ ፊቱን ጥቍር መነጽርና የተለጠፈ ጢም ይዘውበታል።