የማይጠየቅ ምስክር፤ የእንግሊዝ ሕግ ለኮምፒዩተር ስለ ሰጠው እምነት የቀረበ ሒስ

በአገራችን በቀድሞው የሙግት ሥርዐት ተሟጋች ባላጋራውን «ተጠየቅ» እያለ ያፋጥጥ ነበር። የዚህ ልማድ ቁም ነገሩ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ማሸነፉ አይደለም፤ በሰው ላይ ቃል የሚሰጥ ሁሉ ለሚቀርብለት ጥያቄ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት መሆኑ ነው። ዛሬ ግን ቃሉ የሚታመን፥ ነገር ግን ተጠየቅ የማይባል ዐዲስ ምስክር በየችሎቱ ቆሞአል፤ እርሱም ኮምፒዩተር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የእንግሊዝ ሕግ ለዚህ ምስክር የሰጠውን እምነትና ያስከተለውን ጥፋት ነው። እንግሊዝን የመረጥነው ሕጉ ስለ ምን እንደ ተለወጠና ለውጡም በሰው ላይ ምን እንዳደረሰ ከፍርድ መዛግብት ለመረዳት ስለሚቻል ነው። የእንግሊዝ ነገር የሚነገርባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. የሕጉ ለውጥ

በ1984 የወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ በ69ኛው ክፍሉ፥ ከኮምፒዩተር የወጣ ጽሑፍ በወንጀል ክርክር ማስረጃ የሚሆነው መሣሪያው በጊዜው በደንብ ይሠራ እንደ ነበር ሲረጋገጥ ነው ይል ነበር። እንግዲህ የማስረዳቱ ሸክም የወደቀው ጽሑፉን ባቀረበው ወገን ላይ ነበር።

በ1997 የአገሩ የሕግ ኮሚሲዮን ይህ ክፍል እንዲሻር አሳሰበ። ከሰጣቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛ፥ ቅድመ ሁኔታው ለከሳሽ ከባድ ነው፤ ሁለተኛ፥ የኮምፒዩተር ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ወይ ወዲያውኑ የሚታይ ነው፥ ወይም የሚመጣው መረጃውን ካስገባው ሰው ነው። ፓርላማውም ሐሳቡን ተቀብሎ በ1999 ክፍሉን ሻረ፤ ሽረቱም ከ2000 ሚያዝያ ጀምሮ ጸና። ከዚያ በኋላ የቀረው ዳኞች አስቀድመው ለትራፊክ መብራትና ትንፋሽ ለሚለካ መሣሪያ ያወጡት የሕግ ግምት ነው፤ ይኸውም ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ መኪናው ደኅና እንደ ነበር ይገመታል የሚለው ነው።

የተሻረው ሕግ እንከን የለሽ ነበር ማለታችን አይደለም። በ1993 በዚያን ጊዜ የመጨረሻው የይግባኝ ችሎት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት፥ የሱቅ ገንዘብ መቀበያ መኪና ደኅና መሆኑን ለማስረዳት የመደብሩ ሌባ ጠባቂ ቃል ይበቃል ብሎ ፈርዶ ነበር። ስለዚህ ደጁ ቀድሞውኑ ገርበብ ብሎ ነበር፤ የ1999ኙ ሕግ ወለል አድርጎ ከፈተው።

፪. የፖስታ ቤቱ ነገር

የእንግሊዝ ፖስታ ቤት «ሆራይዘን» የተባለውን የሒሳብ ሥርዐት በየቅርንጫፉ መትከል የጀመረው በዚሁ በ1999 ገደማ ነው። ሥርዐቱን ያቀረበው የጃፓኑ ፉጂትሱ ንብረት የነበረ ኩባንያ ነው። ብዙዎቹን ቅርንጫፎች የሚያስተዳድሩት ደመወዝተኞች ሳይሆኑ በራሳቸው ሱቅ በውል የሚሠሩ ወኪሎች ነበሩ። ሒሳብ ሲዘጋ መኪናው «ጐደለ» ካለ ወኪሉ ከገዛ ኪሱ እንዲሞላ ይጠየቃል፤ ካልሞላም ይከሰሳል። ፖስታ ቤቱ በራሱ ስም የወንጀል ክስ ያቀርብ ስለ ነበር፥ ተበዳይም መርማሪም ከሳሽም እርሱ ነበር። ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ ከነዚህም ከ700 በላይ የሆኑትን የከሰሰ ፖስታ ቤቱ ራሱ ነው።

ሁለት ጉዳዮች ብቻ እናንሣ። ሊ ካስልተን የተባለው ወኪል በ2007 ያለ ጠበቃ ተከራክሮ ተረታ። ጐደለ የተባለው 25,000 ፓውንድ ያህል ሲሆን፥ ክፈል የተባለው የክርክር ወጪ ግን 321,000 ፓውንድ ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ከሰረ። ይህ የፍትሐ ብሔር ክርክር ቢሆንም አስተሳሰቡ አንድ ነው፤ መኪናው ያወጣው ሒሳብ እንደ ዕዳ ሰነድ ተቈጠረ። ሲማ ምስራ ደግሞ በ2010 ወደ 74,000 ፓውንድ ሰረቀች ተብላ፥ ነፍሰ ጡር ሳለች የ15 ወር እስራት ተፈረደባት። በዚያው ዓመት የፖስታ ቤቱና የፉጂትሱ ሠራተኞች ወደ 60 የሚጠጉ ቅርንጫፎችን ሒሳብ ስላዛባ አንድ የፕሮግራም ስሕተት ተሰብስበው ተነጋግረዋል፤ ነገሩ በፍርድ ቤት ያሉ ጉዳዮችን ሊነካ እንደሚችልም በማስታወሻ ጽፈዋል። ይህ ግን ለተከሳሿ አልተነገራትም።

እውነቱ የወጣው 555 ወኪሎች በአንድነት በከሰሱ ጊዜ ነው። በ2019 ታኅሣሥ ዳኛ ፍሬዘር ሥርዐቱ በስሕተት የተሞላ እንደ ነበር፥ የኩባንያው ሠራተኞችም ወኪሉ ሳያውቅ ከሩቅ ሆነው በሒሳቡ ውስጥ መግባት ይችሉ እንደ ነበር ፈረዱ። በ2021 ሚያዝያ የይግባኙ ፍርድ ቤት ምስራ ያለችበትን የ39 ሰዎች ፍርድ ሰረዘ። በ2024 ፓርላማው በልዩ ሕግ የብዙዎቹን ፍርድ በጅምላ ሻረ። በ2025 ሐምሌ የወጣው የመንግሥት መርማሪ ሪፖርት የመጀመሪያ ክፍል፥ ቢያንስ 13 ሰዎች ራሳቸውን ያጠፉት በዚሁ ጠንቅ ሊሆን እንደሚችል ገልጾአል።

፫. የግምቱ ስሕተት

አንዳንድ ሰዎች ጥፋቱ የፖስታ ቤቱ ክፋት ነው እንጂ የሕጉ አይደለም ይሉ ይሆናል። ክፋቱ አይካድም፤ ነገር ግን ክፋቱ ሃያ ዓመት ሊኖር የቻለው ሕጉ መጠለያ ስለ ሆነው ነው። በእኛ አስተያየት የግምቱ ስሕተት ሦስት ነው።

አንደኛ፥ ምሳሌው አይመሳሰልም። የትራፊክ መብራት አንድ ሥራ ብቻ በአደባባይ የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ ሲበላሽ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። በብዙ ሺሕ ቅርንጫፎች መካከል በመሥመር የተያያዘ የሒሳብ ሥርዐት ግን ሲሳሳትም ደኅና ይመስላል። በ2015 በስኮትላንድ በምትገኘው በዳልመሊንግተን መኪናው 8,000 ፓውንድ አራት ጊዜ መዝግቦ 24,000 ፓውንድ የጐደለ አስመሰለ። ማያው አልጠቈረም፤ መኪናው አልቆመም፤ ቍጥሩም ንጹሕ ቍጥር ነበር። «ወይ ይታያል፥ ወይ የሰው ስሕተት ነው» የተባለው አባባል የፈረሰው በዚህ ነው።

ሁለተኛ፥ ግምት ፍትሐዊ የሚሆነው የተጫነበት ሰው ሊያፈርሰው ሲችል ነው። ወኪሉ የሚያየው ማያውን ብቻ ነው፤ የፕሮግራሙ ጽሕፈትና የስሕተት መዝገቡ በባላጋራው እጅ ናቸው። እንግዲህ «ተቃራኒ ማስረጃ አምጣ» ማለት «በከሳሽህ ሣጥን የተቈለፈውን አምጣ» ማለት ነው። ብዙዎች ተስፋ ቈርጠው፥ የስርቆቱ ክስ እንዲቀርላቸው ሲሉ «ሒሳብ አዛብቻለሁ» ብለው አመኑ። ስለዚህ ግምቱ የሠራው በችሎት ብቻ ሳይሆን ከችሎት በፊትም ነው።

ሦስተኛ፥ ግምቱ ተከሳሾችን ለያየ። ብዙ ወኪሎች «እንዲህ ያለ ችግር የደረሰብህ አንተ ብቻ ነህ» ይባሉ ነበር። አንድ ሰው ጐደለብኝ ሲል ሌባ ይመስላል፤ 555 ሰዎች ሲሉ ግን መኪናው ይጠረጠራል። ነገር ግን ፍርድ ቤት የሚያየው አንድ በአንድ ስለ ሆነ፥ በእያንዳንዱ መዝገብ የመኪናው ቃል ብቻውን ታማኝ ሆኖ ቀረ።

፬. ተቃውሞና መልሱ

የኮሚሲዮኑ ሐሳብ ፍሬ ቢስ አይደለም። ለእያንዳንዱ የፍጥነት መቀጫ ኢንጂነር ይምጣ ቢባል ችሎት ሁሉ ይቆማል። ደግሞም የ1984ቱ ሕግ ቢቀር ኖሮ እንኳ «መኪናው ደኅና ነው» ብሎ የሚያረጋግጠው የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ በሆነ ነበር። ስለዚህ ወደ 69ኛው ክፍል መመለስ ብቻውን መድኀኒት አይሆንም።

መድኀኒቱ የምስክሩን ቃል ከመስማት በፊት ጓዳውን መክፈት ነው። ከሳሽ የታወቁትን ስሕተቶች ዝርዝር፥ ሒሳቡን ከውጭ ሊለውጡ የሚችሉትን ሰዎችና በሌሎች ቦታዎች የተሰሙትን አቤቱታዎች አስቀድሞ ለተከሳሽ ይስጥ፤ ይህን ካደረገ በኋላ ግምቱ ቢጠቅመው ቅር አይለንም። ለትራፊክ መብራት ይህ የአንድ ገጽ ሥራ ነው፤ ለሆራይዘን ግን ክሱን ሁሉ ያስቀር ነበር። የእንግሊዝ የፍትሕ ሚኒስቴርም በ2025 ጥር ስለ ኮምፒዩተር ማስረጃ የሕዝብ አስተያየት መጠየቁ ጉዳዩ እንዳልተዘጋ ያሳያል።

፭. ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ነገሩ ለኢትዮጵያ የሕግ ተማሪ ሩቅ አይደለም። በእኛ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቍጥር 958፥ የኤሌክትሮኒክ ማስረጃን እውነተኛነት የማስረዳት ሸክም በአቅራቢው ላይ ማድረጉ መልካም ነው። ነገር ግን ዐቃቤ ሕግ የጉዳዩን መሠረታዊ ፍሬ ነገር ካስረዳ በኋላ፥ ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ መስሎ ከታየው የማስረዳቱን ሸክም ወደ ተከሳሹ ሊያዛውር እንደሚችል ደንግጓል። አስፈላጊነቱ በምን እንደሚመዘን አለመወሰኑን እንነቅፋለን። የተከሰሰ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ነው የሚለውን የሕገ መንግሥቱን 20ኛ አንቀጽ እያሰቡ ከመተርጐም በቀር፥ ዳኛ የሚመራበት ሌላ መብራት አይታየንም። ቢያንስ ተከሳሹ መዝገቡን ሊያገኝና ሊያስመረምር በማይችልበት ጉዳይ ሸክሙ ሊዛወር አይገባም።

ባንኩም ግብር ሰብሳቢውም ቴሌውም ሒሳባቸውን በኮምፒዩተር በሚይዙበት ዘመን፥ ከነዚህ ጋር የሚከራከር ሰው ሁሉ የዚህ ምስክር ባላጋራ መሆኑ አይቀርም። መኪናውን አትመኑ ማለታችን አይደለም። መኪናው ራሱ ተጠየቅ ቢባል መልስ ሊሰጥ አይችልም፤ ስለ መኪናው የሚመልሰው ግን ባለቤቱ ነው፥ ሕጉም ሊያስገድደው የሚገባው እርሱን ነው።