ዶማና ማረሻ፦ የቦዘሩፕ መጽሐፍ ሲመረመር

ዴንማርካዊቷ የኤኮኖሚ ሊቅ ኤስተር ቦዘሩፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት «የሴት ድርሻ በኤኮኖሚ ልማት» የተሰኘው መጽሐፍ፣ ስለ ሴቶችና ልማት ለሚጻፈው ሁሉ መነሻ ሆኖ ቆይቷል። ዐቢይ ጭብጡ ግልጽ ነው። በዶማ በሚቆፈርበት የአፍሪካ ምድር አብዛኛውን የእርሻ ሥራ የምትሠራው ሴት ሆና ሳለ፣ የቅኝ ገዥዎች የእርሻ ባለሙያዎች አዲሱን ዘዴና የገበያ ሰብል ያስተማሩት ወንዱን ነበር። በዚህም ሳቢያ የሁለቱ ምርታማነት ልዩነት እየሰፋ ሄደ። ይህን ማሳየታቸው ትልቅ ውለታ ነው።

ደካማው ጎን ክፍፍሉ ነው። ዶማ የሴት፣ ማረሻ የወንድ ከተባለ የአገራችን ደጋ ወዴት ሊመደብ ነው? እርፍ የሚጨብጠው ወንድ ነው፤ ይሁን እንጂ የምታርመው፣ በአጨዳ የምትሰለፈው፣ እህሉን አበጥራ ለእንጀራ የምታበቃው ሴት ናት። በእንሰት አገርም፣ ማረሻ ሳይኖር፣ በብዙ ሥፍራ ቆፍሮ የሚተክለው ወንድ ሲሆን ፍቆ ቆጮ ማድረጉ የሴቷ ነው።

ሉርደስ ቤኔሪያና ጊታ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረቡት ሂስ መምህራንን ይበልጥ ይመለከታል። ቦዘሩፕ ተስፋቸውን በትምህርት ላይ ሲጥሉ፣ ለቤት ውስጥ ሥራና ለልጅ ማሳደግ በቂ ቦታ አልሰጡም። ታዲያ ትምህርት ቤቱ በመንደሩ አጠገብ ቢሠራም ምንጩ ሩቅ ከሆነ፣ ልጅቷ ተመዝግባ ወንበሯ ባዶ ይውላል። ይህን የምዝገባ ሪፖርት አይነግረንም፤ መምህሩ በየማለዳው የሚከፍተው ስም መጥሪያ ግን ይነግረናል።