የሚታጠፍ የካሜራ ስክሪን፦ ገንዘብ ያወጣል ወይስ ጌጥ ነው?

አያቴ ቡና ስታፈላ ፎቶ ሳላነሳት ያለፈ በዓል የለም። እሷ በርጩማዋ ላይ ዝቅ ብላ ትቆላለች፤ እኔ ቆሜ ካሜራዬን ወደ ታች አዘቅዝቄ አነሳታለሁ። ውጤቱ ሁልጊዜ ያው ነው። ሻሿ ጎልቶ ይወጣል፣ ፊቷ ግማሹ ይደበቃል፣ እሷም ከቁመቷ አንሳ ትታያለች። ወለሉ ላይ ስንበረከክ ደግሞ "ምን ሆነህ ነው ልጄ? ተነስ እንጂ!" ትለኛለች። በቃ፣ ወጉ ያበቃና የፎቶ ፕሮግራም ይጀመራል።

ባለፈው ፋሲካ ግን ከጓደኛዬ የተዋስኩት ካሜራ ስክሪኑ ቀና የሚል ነበር። ከአያቴ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ካሜራውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ስክሪኑን ወደ ላይ አንስቼ፣ ወሬያችንን ሳናቋርጥ አነሳኋት። በዚያ ፎቶ ላይ አያቴ እውነትም አያቴን ትመስላለች።

ታዲያ ለመጀመሪያ ካሜራችሁ ገንዘብ እያጠራቀማችሁ ከሆነ ይህ ጥያቄ ይመለከታችኋል፦ የሚታጠፍ ስክሪን ተጨማሪ ብር ያወጣል ወይስ የሻጭ ማባበያ ነው? የኔን መልስ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አዎ፣ ያወጣል። ነገር ግን ማጠፊያ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ዛሬ በብዛት የምናየው ዓይነት ደግሞ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው የሚመቸው አይመስለኝም። ለምን እንደዚህ እንደምል ደረጃ በደረጃ እንየው።

ሌንሱ የት ነው ያለው?

አንድ ትንሽ ሙከራ እንሥራ። ሜዳ ያለበት፣ አድማሱ የሚታይበት ቦታ ሂዱ። አንድ ሜትር ገደማ ቁመት ያለው ልጅ ፊት ለፊታችሁ ይቁም። መጀመሪያ ስልካችሁን በዓይናችሁ ቁመት፣ ማለትም 1.6 ሜትር አካባቢ ይዛችሁ አንሱ። ቀጥሎ ስልኩን ከመሬት ግማሽ ሜትር ላይ አድርጋችሁ አንሱ።

ሁለቱን ፎቶዎች ስታስተያዩ አድማሱን ፈልጉ። በመጀመሪያው የአድማሱ መስመር ከልጁ ጭንቅላት በላይ ያልፋል፤ ልጁ ሙሉ በሙሉ መሬቱና ሣሩ ውስጥ ተውጧል። በሁለተኛው መስመሩ ልጁን ወገቡ አካባቢ ይቆርጠዋል፤ ደረቱና ፊቱ ሰማይ ላይ ይወጣሉ። ሕጉ ቀላል ነው፦ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ አድማስ ማንኛውንም ነገር የሚቆርጠው በሌንሱ ቁመት ልክ ነው። ይህ የጂኦሜትሪ ጉዳይ ስለሆነ የአንሺው ስሜት አይለውጠውም። ዙም ብታደርጉ አይቀየርም፤ ውድ ሌንስ ብትገዙም አይቀየርም። የሚቀይረው ሌንሱን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

ከአያቴም ጋር የሆነው ይኸው ነው። ተቀምጣ የራሷ ቁመት አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። እኔ 1.65 ሜትር ላይ ካሜራ ይዤ፣ አንድ ሜትር ተኩል ርቄ ከቆምኩ፣ ሌንሱ ወደ 23 ዲግሪ ቁልቁል ያያታል። ቁልቁል የታየ ሰው ቢያንስ አይግረማችሁ።

ስለዚህ ታጣፊ ስክሪን ሲሸጥላችሁ የምትገዙት ስክሪን አይደለም። የምትገዙት ዓይናችሁ የማይደርስባቸውን ቦታዎች ነው፦ የጉልበት ቁመት፣ የወለል ቁመት፣ በጥምቀት ሕዝብ መሃል ከራስ በላይ የተዘረጋ እጅ። ቋሚ ስክሪን ባለው ካሜራ እነዚህን ቦታዎች በጭፍን ታነሳላችሁ ወይም መሬት ላይ ትተኛላችሁ።

አዲስ ሐሳብ አይደለም

ዓይንን ከሌንስ መለየት የዲጂታል ዘመን ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በ1929 (በፈረንጆቹ) ጀርመን ውስጥ የወጣው ሮሌይፍሌክስ ሁለት ሌንሶች ነበሩት፤ የታችኛው ፊልሙን ሲያነሳ የላይኛው ምስሉን በመስታወት አንጸባርቆ ካሜራው አናት ላይ ወዳለ ብርጭቆ ይልካል። አንሺው ካሜራውን ሆዱ ላይ አስደግፎ አንገቱን ደፍቶ ያያል። ምስሉ ግራና ቀኙ የተገለባበጠ ነው፤ ቢሆንም በዚህ መንገድ ብዙ ድንቅ ፎቶዎች ተነስተዋል።

በ1995 ካሲዮ ኪውቪ-10ን ሲያወጣ ለተራ ተጠቃሚ በተሠራ ዲጂታል ካሜራ ጀርባ ላይ 1.8 ኢንች ስክሪን አደረገ። የሚገርመው፣ ይህ ካሜራ ያን ጊዜም ይታጠፍ ነበር፤ ልዩነቱ የሚሽከረከረው ስክሪኑ ሳይሆን ሌንሱ መሆኑ ነው። ትላልቆቹ ባለ መስታወት ካሜራዎች ግን ዘገዩ። በነሱ ውስጥ ብርሃኑን መስታወቱ ወደ ቪውፋይንደሩ ስለሚልከው ሴንሰሩ እስኪነሳ ድረስ ምንም አያይም፤ ስለዚህ ስክሪኑ የሚያሳየው የተነሳውን ፎቶ ብቻ ነበር። በ2006 የወጣው ኦሊምፐስ ኢ-330 ምስሉን በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ከማሳየቱም በላይ ስክሪኑ ይነሳ ነበር። ሁለቱ አብረው መምጣታቸው ድንገት አይደለም፤ በቀጥታ የማያሳይ ስክሪን ቢታጠፍ ምን ይሠራል?

ክዳን እና በር

አሁን ወደ ትችቴ ልምጣ። በገበያው ላይ ዋናዎቹ ማጠፊያዎች ሁለት ናቸው። አንዱ እንደ ሳጥን ክዳን ከካሜራው ጀርባ ይነሳል፤ ሌላው እንደ በር ወደ ግራ ተከፍቶ ከዚያ ይሽከረከራል። ለአጭሩ "ክዳን" እና "በር" እንበላቸው።

በር ብዙ ነገር ይችላል። ካሜራውን አግድምም ሆነ ቁም አድርጋችሁ ስታነሱ ይሠራል። ወደ ፊት ዞሮ ራሳችሁን ያሳያችኋል። ሲዘጋ ፊቱን ወደ ውስጥ ስለሚያዞር መስታወቱ አይጫርም። ዝርዝሩን ብቻ ያነበበ ሰው በርን መምረጡ አይቀርም።

ችግሩ እጅ ላይ ሲሆን ነው። በር ሲከፈት የስክሪኑ መሃል ከሌንሱ መስመር ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ይወጣል። እጃችሁ አንድ ቦታ ይጠቁማል፣ ዓይናችሁ ሌላ ቦታ ያያል። ለቆመ ሕንፃ ምንም አይደለም። የሚሮጥ ልጅ ለመከተል ግን ሞክሩትማ! ካሜራውን ወዴት ማዞር እንዳለባችሁ አእምሯችሁ ሁልጊዜ እያሰላ ነው። ክዳን ግን ስክሪኑን ከሌንሱ ጀርባ እዚያው መስመር ላይ ያቆየዋል። ደግሞም በአንድ እንቅስቃሴ ይነሳል፤ በር ግን መክፈት አለ፣ ከዚያ ማዞር አለ። አያቴ ስትስቅ ሁለቱን እስክጨርስ አትጠብቀኝም።

ራስን ለመቅረጽ እንኳ በር እንከን የለሽ አይደለም። ካሜራው አንድ ሜትር ርቆ፣ ስክሪኑ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ሲሆን፣ ስክሪኑን የምታዩት ዓይኖቻችሁ ከሌንሱ ወደ 6 ዲግሪ ይዞራሉ። ተመልካቹ "ይሄ ልጅ ማንን ነው የሚያየው?" ይላል። በዚያ ላይ በብዙ ካሜራዎች የማይክ መሰኪያው በዚያው በግራ በኩል ስለሆነ ገመዱና ስክሪኑ ይጋፋሉ።

ክዳንም ጉድለት አለው። ተራው ክዳን ካሜራውን ቁም አድርጋችሁ ስታነሱ ምንም አይጠቅምም፤ ወደ ጎን ነው የሚነሳው። ወደ ፊትም አይዞርም።

ወደ ኋላ የተመለሰው ኩባንያ

ይህን ክርክር ከእኔ በተሻለ የሚያስረዳው የፉጂፊልም ኤክስ-ቲ ተከታታይ ነው። በ2016 የወጣው ኤክስ-ቲ2 እና በ2018 የወጣው ኤክስ-ቲ3 የተሻሻለ ክዳን ነበራቸው፦ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ካሜራው ቁም ሲሆን ደግሞ ወደ ጎን የሚነሳ። በ2020 ኤክስ-ቲ4 ሲመጣ ኩባንያው ክዳኑን ትቶ በር አደረገ። ቪዲዮ ቀራጮች ደስ አላቸው፤ ፎቶ አንሺዎች አጉረመረሙ። በ2022 ኤክስ-ቲ5 ሲወጣ ምን ሆነ? ክዳኑ ተመለሰ! በዚያው ዓመት የወጣው ኤክስ-ኤች2 ደግሞ በር አለው።

እዚህ ላይ ትምህርት አለ። በዝርዝር ሲታይ በር ከክዳን የበለጠ ይችላል፤ መሐንዲስ "ብዙ የሚችል ይሻላል" ብሎ ለማሰብ ይቸኩላል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ነገር ግን አንድ ዕቃ ምን ምን ይችላል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ አንድን ሥራ ስንሠራበት ምን ያህል ያደክመናል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱንም አዋህደው የሠሩም አሉ፤ በ2019 የፓናሶኒክ ኤስ1ኤች፣ በ2022 የሶኒ ኤ7አር 5 ክዳንና በር በአንድ ላይ ይዘው መጡ። ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ግን ሁለቱም ውድ ካሜራዎች ናቸው።

የሚሰበረው ነገር

"የሚታጠፍ ነገር ይሰበራል" የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም። የኔው የድሮ ካሜራ ስክሪኑ ከተወሰነ በላይ ሲከፈት ይጠፋ ጀመር። ጥገና ቤት ስወስደው ሰውየው ገና ሳይፈታው "ፍሌክሱ ሄዷል" አለኝ። ትክክል ነበር።

ፍሌክስ ማለት በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፍ ቀጭን፣ ጠፍጣፋ ገመድ ነው፤ በፕላስቲክ ንብርብሮች መሃል የተዘረጋ መዳብ። ስታጥፉት የውጭው ገጽ ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል። የሚለጠጥበትን መጠን ለመገመት ውፍረቱን ለማጠፊያው ራዲየስ ሁለት እጥፍ አካፍሉት። 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፍሌክስ በ5 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ከታጠፈ ውጩ 1 በመቶ ይለጠጣል። በ1 ሚሊ ሜትር ከታጠፈ 5 በመቶ! ሽቦ ወዲያ ወዲህ እያጠፋችሁ ቆርጣችሁ ታውቁ የለ? ያው ነው። ጥሩ ዲዛይን ፍሌክሱን ሰፋ ባለ ጥቅልል ያሳልፈዋል፤ መዳቡንም እምብዛም በማይለጠጥበት በንብርብሩ መሃል ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ "ይታጠፋል ወይ?" ሳይሆን "እንዴት ነው የታጠፈው?" ነው።

ሌሎች ሁለት እንከኖችም አሉ። ወደ ላይ የተነሳ ስክሪን ሰማዩን ያንጸባርቃል፤ በቀትር ፀሐይ ብዙም አይታያችሁም። ካሜራው ፊታችሁ ላይ ሲደገፍ የሚያገኘውን ፅናትም ታጣላችሁ። ለዚህኛው ዘዴ አለው፦ ማንጠልጠያውን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ ካሜራውን ወደ ፊት ወጠር ብታደርጉት እጃችሁ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል።

"ስልክ በዋይፋይ አገናኝቶ እንደ ስክሪን መጠቀም አይቻልም ወይ?" ካላችሁ፣ ይቻላል። ለቆመ ነገር ጥሩ ነው። ምስሉ ግን ዘግየት እያለ ስለሚደርስና ሁለት እጅ ስለሚይዝ፣ ለሰው ፎቶ ብዙም አልወደድኩትም።

ስክሪን ጭራሽ አያስፈልግም የሚሉም አሉ። ላይካ በ2018 ኤም10-ዲን ያለ ምንም ስክሪን አወጣ። ትኩረት አይበተን የሚለውን ሐሳባቸውን አከብራለሁ። ግን ቪውፋይንደር ብቻ ያለው ካሜራ ዓለምን ሁሌም ከራሳችሁ ቁመት እንድታዩ ይገፋፋችኋል፤ ዝቅ ማለት ዋጋ ያስከፍላልና።

ታዲያ ምን ልግዛ?

በአብዛኛው ራሳችሁን የምትቀርጹ ከሆነ በር ያለውን ግዙ፤ ሌላ ምርጫ ብዙም የላችሁም። ሰው፣ ሕፃን፣ አበባ፣ ነፍሳት፣ የላብራቶሪ ዕቃ የምታነሱ ከሆነ ክዳን ይሻላችኋል፤ ወደ ጎንም የሚነሳው ከተገኘ ደግሞ እሰየው። በቪውፋይንደር ብቻ ስፖርት የምታነሱ ከሆነ ብራችሁን ለሌንስ አስቀምጡት።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ደግሞ ስክሪኑን ከፍታችሁ ምስሉ በርቶ ሳለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት፤ አንድ ጊዜ እንኳ ብልጭ ድርግም ካለ ፍሌክሱ እየሄደ ነው። ማጠፊያው በተተወበት የማይቆም ከሆነም ተዉት። ካሜራውን ቁም አድርጋችሁ፣ ከዚያም ደጅ ወጥታችሁ ፀሐይ ላይ ሞክሩት። ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች፤ ብሩ የእናንተ ነው።

ካሜራ ለመግዛት ገና ከሆናችሁ ደግሞ የሜዳውን ሙከራ ዛሬውኑ በስልካችሁ ሥሩት። ከቤታችሁ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ስልኩን ወደ ጉልበታችሁ አውርዱ፣ ወሬውንም አታቋርጡ።