ብረቱ ሄደ፣ ኳንተሙ መጣ፤ ሰፈርተኛውስ?

መቼም የምርምር ማዕከል ሊከፈት ነው ሲባል ፊቱን የሚያጠቁር ሰው አይገኝም። ሳይንስን ማን ይጠላል? ባለሥልጣኑ አካፋ ይጨብጣል፣ ካሜራው ብልጭ ይላል፣ ሁላችንም እናጨበጭባለን። በደቡብ ቺካጎ፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር እየተገነባ ስላለው የኢሊኖይ የኳንተም ፓርክ ግን ጭብጨባውን ትንሽ ገታ አድርጎ መጠየቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ቦታው ታሪክ አለው። በደህናው ዘመን ወደ 20,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ያሳድር የነበረው የዩኤስ ስቲል ኩባንያ የብረት ፋብሪካ የነበረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ተዘጋ። ደመወዙ ሲቀር ሱቁም ምግብ ቤቱም ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው ያልሰማው ፕላን የለም። አንዱ አዲስ ከተማ እቆረቁራለሁ ብሎ በ2016 ተወው። ሌላው በሺህ የሚቆጠር ቤት ሊሠራ መጥቶ፣ በ2018 በአፈሩ መበከል ጉዳይ ሳይስማማ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

አሁን ደግሞ ተራው የኳንተም ነው። የምናውቀው ኮምፒውተር መረጃን የሚይዘው በ0 ወይም በ1 ነው። የኳንተሙ "ኪዩቢት" ግን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አደባልቆ መያዝ ይችላል። ቢሳካ ለመድኃኒት ምርምር ይጠቅማል፤ ፒተር ሾር በ1994 እንዳሳየው ደግሞ ዛሬ የምንተማመንባቸውን የምስጢር ቁልፎች እስከ መስበር ይደርሳል። ችግሩ፣ ኪዩቢት ሲበዛ ስስ ነው። በጥቂት ንክኪ ይበላሻል፤ ስህተቱን ለማረም ሌሎች ብዙ ኪዩቢቶች ያስፈልጉታል። በሚሊዮን የሚቆጠር ኪዩቢት ያለው ማሽን እሠራለሁ ያለው የፓርኩ ዋና ተከራይ፣ ሳይኳንተም የተባለው ኩባንያ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ገና በዓለም ላይ የለም።

የግዛቱ መንግሥት በ2024 ለኳንተም 500 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በዚህ አልከራከርም። ያልተሠራን ነገር መሞከር የምርምር ወጉ ነው፤ ከሽፎም ትምህርት ይገኝበታል። የሚከነክነኝ አሻሻጡ ነው። ለሰፈርተኛው የቀረበለት "ምርምር ነው፣ ሊሳካም ላይሳካም ይችላል" ተብሎ አይደለም፤ "ሥራ መጣልህ" ተብሎ ነው እንጂ። ሳይኳንተም ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እቀጥራለሁ ያለው 150 ያህል ሰው ነው። 20,000 የሄደበት ሰፈር 150 ሲባል ምን ይበል? ከነዚያስ ስንቱ ባለ ዶክትሬት፣ ስንቱ የብረት ሠራተኛው ልጅ ይሆን?

"ሌሎች ኩባንያዎችም ይከተላሉ፤ ኤሌክትሪሺያን፣ ቴክኒሻን፣ ግንበኛ ይፈለጋል" የሚል መልስ አለ። ልክ ነው። ታዲያ የሰፈሩን ወጣት ማን ያሠለጥነዋል? ኪራይ ሲንር ማን ይከልልለታል? አፈሩ ሲቆፈር የሚነሳውን አቧራ ማን ይለካለታል? ነዋሪዎች የጠየቁት ይህንኑ ነው፦ ተስፋው በጽሑፍ ይስፈር፣ የሚያስገድድ ውል ይሁን። እነሱ ሲወተውቱ የከተማው ምክር ቤት በዲሴምበር 2024 ፕላኑን አጸደቀ፤ በሴፕቴምበር 2025 ግንባታው በይፋ ተጀመረ።

ለሰፈርተኛው የተገባው ቃልም እንደ ኪዩቢቱ ሆኗል፤ አለም፣ የለምም። የፊዚክስ ሰዎች ኪዩቢት ሲለካ 0 ወይም 1 ሆኖ ይገኛል ይላሉ። የተስፋም መለኪያው ውል ነው፤ ስንት ሰው፣ ከየትኛው ሰፈር፣ እስከ መቼ፣ ካልተፈጸመስ ቅጣቱ ምን እንደሆነ የሚናገር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ለማሽኑ ማቀዝቀዣ የሕዝብ ገንዘብ ያላጣ መንግሥት፣ ለአንዲት የውል ወረቀት ቀለም አያጣም።